ለገና ድስት የሠራሁት ማቶት

እናቴ የጠየቀችኝ ትንሽ ነገር ነበር። በስልክ፣ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ "ለገና ስትመጪ በጥጥ ወፈር አድርገሽ አንድ ማቶት ሥሪልኝ" አለችኝ። ማቶት እኛ ዘንድ ድስት የሚያርፍበት፣ ከሣር የሚጠመዘዝ ክብ ነገር ነው። "የሣሩ አለሽ አይደል?" ብላት፣ "የሣሩ ለመሬት ነው፤ ይኸ ለጠረጴዛው ነው" አለች።

ጠረጴዛውን የሰጣት ታናሽ ወንድሜ ነው። አምና መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ሲመለስ ቡሬ ላይ አሠርቶ፣ በጋሪ ጭኖ እስከ ደጃፏ አመጣላት። በአምናው ገና እናቴ የዶሮ ወጡን ድስት ከእሳት አንስታ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ብታሳርፈው ቀለሙ ተቃጥሎ ክብ ጠባሳ ቀረበት። ወንድሜ "ማኅተም መታሽበት" እያለ ሲያሾፍባት ዋለ። ዘንድሮም ሰሊጥ ወርዶ ነበር፤ ለገና እመጣለሁ ብሏት ስለነበር ዳግመኛ መሳቂያ ላለመሆን ነው ማቶቱን የፈለገችው።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። ከሥራ መልስ ኪሮሽ እሠራለሁ፤ በሰፈራችን የእኔን ዳንቴል ያልደረበ ቴሌቪዥን ያለ አይመስለኝም። እናቴ ፈትሉን ራሷ ፈትላ፣ አክርራና አወፍራ፣ ከቡሬ በሚመጣ ሰው ላከችልኝ። ዳንቴል ስስ ነገር ነው፤ የድስት ማስቀመጫ ግን ወፍራም ይፈልጋል። ከመሐሉ ተነስቼ ዙሪያውን እየዞርኩ፣ በየመሐሉ ክሩን በአንድ ዓይን ውስጥ ደጋግሜ እያወጣሁ ጉብ ጉብ አደርገዋለሁ። ጉብታዎቹ ድስቱን ከፍ አድርገው ስለሚይዙት ሙቀቱ ወደ እንጨቱ አይወርድም። ደስ እያለኝ ነበር የጀመርኩት።

ሥራው መዳፍ የሚያህል እንደደረሰ አጎቴ መጡ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ቄስ ናቸው። ከቡሬ በሚኒባስ የመጡ ሰው ውሃ እንኳ አልቀበልም ሲሉኝ ደነገጥኩ። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ወንድሜን እርሻው ላይ ወባ ይዞት ሞቷል። አብሮት የወረደው የአገራችን ልጅ ብቻውን ተመልሶ ለእርሳቸው ነው የተናገረው።

አልቅሼ ሳልጠግብ ሌላ ነገር ጨመሩብኝ። "እናትሽ አልሰማችም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክረን፣ ገናን ትዋልበት ብለናል። ጾሟን ትፍታ፣ እህል ትቅመስ። በዓሉ ሲያልፍ እናረዳታለን። አንቺም ፊትሽን አስተካክለሽ ግቢ።"

እኔ ነገር ቶሎ የሚከነክነኝ ሰው ነኝ፤ በሐዘኔ ላይ ንዴት መጣብኝ። "አባ፣ እናቱ ናት እኮ። ልጇ አፈር ገብቶ እሷ ዶሮ ስትበልት ዝም ብዬ ልያት?"

"ልማዳችን ነው፣ ልጄ። በበዓል መርዶ አይነገርም።"

"እሺ አብሬያት ስሠራ እንባዬ ቢመጣስ?"

አጎቴ ትንሽ አሰቡና፣ "ሽንኩርቱን አንቺ ላጪ፤ ያኔ ማንም አይጠይቅሽም" አሉኝ። ሊያስቁኝ ፈልገው አልነበረም። እውነተኛ ምክር ነበር የሰጡኝ፤ እርሳቸውም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከተማችን ውስጥ ጮክ ብዬ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቡሬ ይገባል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ከዚያ ክሩን አነሳሁ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ነበር። በየምሽቱ ሠራሁት፤ በእያንዳንዱ ጉብታ ወንድሜን አስባለሁ፣ ክሩንም ሳላውቀው እጎትተዋለሁ። ሲያልቅ ሳየው ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ነገር ጠርዙ ወደ ላይ ተነስቶ ሳሕን መስሏል። ክር ሲጠብቅ እንዲህ ያደርጋል። ቁርጥራጭ ክሩን ጠርጌ ማቶቱን ከልብሴ ጋር ሻንጣ ውስጥ አስገባሁት።

እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ወንድምሽ ደወለልሽ?" ብላ ነው።

"ኔትወርክ የለም እማ" አልኳት።

"ኔትወርኩ ነው እንጂ እሱማ ይደውል ነበር" አለች። አልጋውን አንጥፋለታለች። ቀዩን አውራ ዶሮ ለእሱ ብላ አስቀምጣለች፤ ሌላ ዶሮ አስራ ለጎረቤት ለማካፈል አስባለች። ይህን ሁሉ እየዞረች ታሳየኛለች፤ እኔም "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ማቶቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፤ ጠርዙ ብድግ አለ። በመዳፏ ተጫነችው፤ እጇን ስታነሳ ተመልሶ ብድግ አለ።

"ምነው እጅሽ እንዲህ ጠበቀ?"

"ፈትሉ ነው እማ፣ ከረረብኝ።"

"ፈትሉን እኔ ነኝ የፈተልኩት፤ አውቀዋለሁ" አለች። ጉብታዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ብዙ ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ።

ጠርዙን ተርትሬ እንደገና ልሥራው ብዬ ደጃፍ ተቀመጥኩ። እጄን ላላ ለማድረግ ብሞክርም ሁለተኛውም ያው ሆነ። እናቴ "ተይው በቃ" ብላ ወሰደችው፤ በውሃ ነክራ ዘረጋችውና የወፍጮውን መጅ ጫነችበት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስለ ወንድሜ አልጠየቀችኝም። ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ፤ ሞኝነቴ ገደብ አልነበረውም።

በዋዜማው ሽንኩርት መላጥ ስንጀምር ቢላዋውን ለመውሰድ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ አልሰጠችኝም። "አንቺ ነጭ ሽንኩርቱን ውቀጪ" አለችኝና ያንን ሁሉ ሽንኩርት ብቻዋን ላጠችው፣ ብቻዋን ከተፈችው። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። አልጠረገችውም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

በገና ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤቶቹም አጎቴም መጡ። ድስቱ በማቶቱ ላይ፣ ማቶቱ በጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ባረኩና ወጡን ከልክ በላይ አመሰገኑ፤ ሽማግሌዎቹ ቶሎ ቶሎ እየጎረሱ እርስ በርስ ይተያያሉ። እናቴ እየዞረች አስተናገደች። እኔንም "ብይ እንጂ፣ ከስተሻል" እያለች ደጋግማ አጎረሰችኝ። እሷም ጎረሰች፤ ስታኝከው ግን ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መርቀው ወጡ። ወንዶቹ ገና ሲጫወቱ ከሜዳው ጩኸታቸው ይሰማል። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሁሉም በልቷል" አለች። "አሁን ንገሪኝ። የት ነው የቀበሩት?"

ነገርኳት። አጎቴ እንደነገሩኝ፣ እዚያው ቆላ፣ ለእርሻው ቅርብ ከሆነች ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ነገርኳት። ፍትሐት ተደርጎለት እንደሆነ ጠየቀች፤ ተደርጎለታል አልኳት። በምን እንደጠቀለሉት ጠየቀች፤ በራሱ ጋቢ አልኳት። "ጋቢው ገና አዲስ ነበር" አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቼ፣ "መቼ አወቅሽ?" አልኳት።

"ያንን ነገር ስትሰጪኝ። አንቺ ስትሠሪ እጅሽ እንዲያ አይዶለም። ወንድምሽን ስጠራም መሬት መሬት ታያለሽ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ጾም ከርመሽ ነው የመጣሽ። አንድ ቀን እንኳ ትብዪ ብዬ ነው።"

ይህን ስትለኝ ያለቀስኩት ለወንድሜ ካለቀስኩት ይበልጣል። እሷ ግን ፊቷን ጠርጋ፣ "ለአጎትሽ እንዳትነግሪው" አለችኝ። "ለእኔ ብለው ነው የደበቁት፤ እነሱም በዓሉን በሰቀቀን ነው የዋሉት። ማወቄን ቢሰሙ ያፍራሉ። ይምጡና በወጉ ያርዱኝ።"

መርዶው እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ኖርን። ቀን ቀን ለከብቶቹ ድርቆሽ ትሰጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች። አንድ ቀን አጎቴ ብቅ ቢሉ፣ በእኔ ፊት፣ "ልጁ እኮ እስከ ዛሬ አልደወለም፤ ይኸ ኔትወርክ ምን ነክቶት ነው?" አለቻቸው። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስለ ጤፍ ውቂያ አወሩ። እሷም ስለ ጤፍ ውቂያ አወራች።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። አጎቴ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው። እናቴ በሩን ከፈተች። ሰዎቹን አየች፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገሩ ጮኸች፤ ነጠላዋን ቀድዳ መሬት ላይ ወደቀች። እንዴት ታስመስለዋለች ብዬ ስፈራ ነበር የሰነበትኩት። ምንም አላስመሰለችም። ከገና ጀምሮ አፍና የያዘችው ሁሉ አሁን ወጣ፤ እንድታለቅስ ፈቃድ ያገኘችው ያኔ ነው።

ድንኳን ተጣለ፣ አገር መጣ። ረፈድ ሲል አጎቴ እጃቸውን እንዳስታጥባቸው ጠሩኝ። ውሃ ሳፈስላቸው ጎንበስ ብለው በዝግታ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገናን እንኳ ሳትሰማ ዋለችበት" አሉኝ።

"አዎ አባ፣ ሳትሰማ ዋለችበት" አልኳቸው።