ስንት አልጋ ይገባል?

ይህን ነገር ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እቴቴ ራሷ "ተይው እባክሽ፣ አለፈ እኮ" ትለኛለች። እኔ ግን አልተወውም። የተበደለው ሰው ይቅር ሲል ጓደኛውም አብሮ ይቅር ይበል የሚል ሕግ የለም።

እቴቴ ስሟ አይደለም። ታናናሾቿ እቴቴ ሲሏት ሰፈሩ ሰማ፣ ከሰፈሩ መሥሪያ ቤቱ ሰማ፣ በመጨረሻም በዕድሜ የሚበልጧት የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳይቀሩ እቴቴ አሏት። እኔና እሷ የምንሠራው እዚያው ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ከምድር በታች ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ እዚያ የሠራ ሰው ቤቱም ገብቶ እየጮኸ ነው የሚያወራው። አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም። አንዷ በዚያ ጫፍ፣ አንዷ በዚህ ጫፍ ትይዛለች፤ ወጠር ይደረግና መሃል ላይ መገናኘት ነው። እኔና እቴቴ ዕድሜያችንን የፈጀነው እንዲህ ስንገናኝና ስንለያይ ነው። ከባሌ ፊት ይልቅ የእሷን ፊት አብዝቼ አይቻለሁ ብል ውሸት አይሆንም፤ ባሌም ያውቀዋል።

እናታቸው የሞተችው እቴቴ ተማሪ እያለች ነው። አባትየው ቀደም ብሎ ሄዷል፤ የት ሄደ ብሎ የጠየቀም የለ። ወንድሟ ያኔ የወተት ጥርሱን ገና አልነቀለም፣ እህቷ ደግሞ ትድሃለች። እቴቴ ደብተሯን ዘግታ ማጠቢያ ክፍል ገባች። እነሱ ተማሩ። ወንድምየው ኢንጅነር ሆነ፣ እህትየዋ ፋርማሲስት ሆነች፤ አገቡ፣ ወለዱ፣ ወፈሩ። እሷ አላገባችም። የጠየቃት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። አንድ ደግ የአምቡላንስ ሾፌር በየሰበቡ ወደ ምድር ቤት እየወረደ ስንት ጊዜ ደጅ ጠናት። "ልጆቹ ይድረሱልኝ" እያለች ስታመላልሰው ሌላ አግብቶ ዐረፈው።

የዓመት ፈቃዷ እንኳ የራሷ አልነበረም። ወይ እህቷ ስትወልድ ልታርስ ትሄዳለች፣ ወይ የኢንጅነሩ ቤት ቀለም ሲቀባ ዕቃ ትጠብቃለች። ስትመለስ "ደህና ዐረፍሽ?" እላታለሁ።

"ዐረፍኩ እንጂ! ሽንኩርቱን ቁጭ ብዬ ነው የላጥኩት።"

አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፤ ሐይቅ ዳር ቤት። እስከዚያው በፈቃድ የምትሄድበት፣ ጡረታ ስትወጣ ጠቅልላ የምትገባበት። ለዚሁ ብላ ከአፏ እየነጠቀች ስታጠራቅም ኖራለች። ጡረታዋ ሲቃረብ አመለጣትና ለልጆቹ ነገረቻቸው። ልጆቹ የምላቸው ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው።

"ብቻሽን ምን ያደርግልሻል? ተባብረን አንድ ትልቅ እንግዛ። እኛ ለእረፍት እንመጣበታለን፣ አንቺ ትጦሪበታለሽ" አሏት።

ያን ሳምንት አንሶላ እያጠፍን መሃል ላይ በተገናኘን ቁጥር ትስቃለች። "አየሽ፣ አልረሱኝም" ትለኛለች። እኔም ሞኟ አብሬያት ሳቅሁ።

ሰፈር መረጣው ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንጅነሩ መኪና ሆነ። እቴቴ "ሁለት ዓይን ከአንድ ይሻላል" ብላ እኔንም ከኋላ ወንበር ወሸቀችኝ። ከፊት ደላላው ተቀምጧል። መጀመሪያ ያየነው ከሐይቁ አፍ ላይ ያለውን የታችኛውን ሰፈር ነው። ቤቶቹ ትንንሽና የተጠጋጉ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ከመንገደኛው ጋር የሚያወራበት፣ ዳቦ ቤቱም ክሊኒኩም ሚኒባስ ፌርማታውም እዚያው። እቴቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። አንዲት ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ "አሁን ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት ነው ደጉ!" ብላ ስትጮህባት፣ የኛ እቴቴ መጮህ ብርቋ አይደለምና እዚያው ወሬ ቀጠሉ።

"ይኸው ነው" አለች ስትመለስ። "ጉልበቴን ሲያመኝ ክሊኒኩ እዚህ፣ ወሬ ሲያምረኝ ሰው እዚህ።"

ፋርማሲስቷ ከመኪናው እንኳ አልወረደችም። "እቴቴ ደግሞ! እዚህ ጫጫታ ውስጥ ምን እረፍት አለ?"

"ቪው የለውም" አለ ኢንጅነሩ።

ቪው! ሐይቁ እግሯን እያራሰው፣ ቪው የለውም ይለኛል። ያኔውኑ ነበር መናገር።

ደላላው የሰውን ፍላጎት ያውቃልና መኪናውን ወደ ላይኛው ሰፈር አስነዳው። ዳገቱ አያልቅም። ግንቡ ረጅም፣ በሩ ሁሉ የተቆለፈ፣ ከውሻ በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም። በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አላየሁም። ቤቱ ግን፣ ምን ይዋሻል፣ ያምራል። ሰፊ በረንዳ አለው፣ ሐይቁም ከታች ዝርግት ብሎ ይታያል። ወንድምና እህት በየክፍሉ እየገቡ "ውይ! ውይ!" ይላሉ።

እቴቴ ደላላውን "ሚኒባስ እስከዚህ ይመጣል?" አለችው።

"እማማ፣ እዚህ መኪና የሌለው ሰው አይኖርም" አላት በኩራት።

"እኔስ?"

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።

ከዚያ እቴቴ የልማዷን ጠየቀች። "ስንት አልጋ ይገባል?" ይህ የሙያችን ጥያቄ ነው። ጠዋት ገብተን መጀመሪያ የምናደርገው በየዋርዱ፣ ሕሙማን በሚተኙበት ሁሉ፣ ደውለን "ስንት አልጋ?" ማለት ነው። የአልጋው ቁጥር ካልታወቀ የቀናችን ልክ አይታወቅም። ኢንጅነሩ ጥያቄዋ ደስ አሰኘውና እየዞረ ያሳያት ጀመር። እዚህ እኔና ባለቤቴ። እዚህ ልጆቹ፣ ተደራራቢ አልጋ ይገባል። ይሄ የእህታችን፣ ያኛው የልጆቿ። ይሄኛው ለእንግዳ፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ቅዳሜና እሑድ ብቅ ማለታቸው አይቀርም። እቴቴ ከኋላው እየተከተለች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረች እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

"ማጠቢያ ማሽን ይገዛል?" አለች።

"ምን ያደርጋል? ውሃው እዚህ ከመጣ ይመጣል፣ ካልመጣ የለም። አንቺ ደግሞ ካልፈተግሽ የታጠበም አይመስልሽ" አለች ፋርማሲስቷ፣ ሙያዋን ያሞገሰች መስሏት።

"የኔ አልጋስ?"

ኢንጅነሩ ምንም ሳያፍር የኋላውን በር ከፈተ። "ሰርቪሷ! ለብቻሽ፣ ከኩሽናው አጠገብ። ስንመጣ ልጆቹ አይረብሹሽም። እኛ በሌለንበት ጊዜ ደግሞ ግቢው ባዶ አይሆንም፤ ዘበኛ መቅጠር እንኳ አያስፈልገንም።"

ይህን ሲል ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ፈገግ ብሎ ነው። ሰርቪሷ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ ግንቡ ነው የሚያየው። ቪው ወዳዱ ወንድሟ ለእሷ ግንብ መርጦላታል።

"የራሷን ገንዘብ አውጥታ ሠራተኛችሁ ልትሆን ነው?" አልኩ። ማሽን ያስለመደኝን ድምፅ በሙሉ አወጣሁት፤ ውሾቹ ሳይቀሩ መለሱልኝ። "እናንተ ውለታ ቢሶች፣ የተኛችሁበትን አንሶላ ስታነሳ ያረጀችው አነሳት?"

"አንቺ፣ በቃ!" አለችኝ እቴቴ። እኔን ነው የተቆጣችው፣ እነሱን አይደለም። በመንገዱ ሁሉ ደላላው "የሚቀረው ውሉ ነው" እያለ ብቻውን ያወራል።

ሰኞ አንሶላ ስናጥፍ ጫፉን በኃይል ስትስበው ከእጄ አመለጠ። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

"አልጋውን ቆጠርሽው?" አለችኝ።

"ቆጠርኩት።"

"ዋርድ እኮ ነው የሚገዙት! ጡረታ ወጣች ብለው ከዚህ ዋርድ ወደዚያ ዋርድ ሊያዛውሩኝ ነው!" ፊቷ ቀልቷል። "እነሱን አይደለም የምቆጣው፤ ራሴን ነው። ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።"

"ያስለመድሽውን አስረሺያቸዋ!"

የውሉ ቀን አልሄደችም። ስልኳ ሲጮህ ዋለ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የትራስ ልብስ ትተኩሳለች። ማታ ለኢንጅነሩ በአጭሩ "ይቅርብኝ" አለችው። ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ እህቷን አስደውሎ ቢያስለቅስ ከዚያች ቃል ሌላ አልተናገረችም። በማግስቱ ወደ ደላላው ብትደውል ለትንሽ ቤት ጊዜ እንደሌለው ነገራት፤ እሱም ሰው ነኝ ብሎ! እኔና እሷ በሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ታችኛው ሰፈር ወረድን። በረንዳ ላይ ካገኘነው ሁሉ ስንጠይቅ ውለን አንዲት ቤት አገኘን። አንድ ክፍል፣ ቁም ሣጥን የምታክል ኩሽና፣ ከፊት ሁለት ወንበር የሚያስቀምጥ በረንዳ።

"ስንት አልጋ ይገባል?" አልኳት።

"አንድ። ጠጋ ካደረግሽው አንድ ተኩል። ግማሹ ላንቺ።"

ገዛችው። ጡረታ በወጣች በወሩ ጠቅልላ ገባች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ያለ እቴቴ ገንዘብ ትልቁ ቤት የቀረባቸው ወንድምና እህት ከነልጆቻቸው ዓይናቸውን በጨው አጥበው መጡ፤ ሁለት መኪና ሙሉ፣ ሳይጠሩ። እኔም ፈቃድ ወጥቼ እዚያው በረንዳ ላይ ነበርኩ። እቴቴ ሁሉንም ስማ ሻይ አጠጣቻቸው። ፋርማሲስቷ ቤቷን ከበር ሆና አየችና "እኛስ የት ነው የምንተኛው?" አለች።

"ከአስፋልቱ ማዶ ፔንሲዮን አለ። አንሶላቸው ንጹሕ ነው፣ ገብቼ አይቼዋለሁ።"

እህትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ኢንጅነሩ ግን ተቆጣ፤ ልጆቹ ፊት፣ ሰፈርተኛው እየሰማ። "እናታችን ብትኖር ኖሮ እንዲህ ደጅ ታሳድረን ነበር?"

እቴቴ ብርጭቆዎቹን መሰብሰቧን አላቆመችም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"እናታችሁማ እኔ ነበርኩ" አለችው። "አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።"

ኢንጅነሩ ሻንጣውን አንስቶ አስፋልቱን ተሻገረ።