ውሃው ይደፋ

«የጥናታችሁ መሪ ማን ነው?» አለኝ ካድሬው ፊት ለፊቴ ቆሞ።

«የጓያ ጥናት ነው» አልኩት።

«ጓያ የማን የሚስጥር ስም ነው?»

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። በዚያ ዘመን ጥናት ሲባል ክበብ፣ ክበብ ሲባል ሕቡዕ ድርጅት ነው። ኬላ ላይ «ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ጥናት» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ መምህር ብልባላ አካባቢ ጓያ እግራቸውን የሰበራቸውን ሰዎች ያጠና ነበር። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ስለነበር፣ በየቤቱ እየዞርኩ የምጠይቅለት እኔ ነኝ። እህሉን ወስዶ፣ አስመርምሮ ሲመለስ ያመጣው መልስ አጭር ነው፤ ጓያው ተዘፍዝፎ ይደር፣ ውሃው ይደፋ፣ ከዚያ ይቀቀል። መርዙ አብዛኛው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ይህን ለሰው ልናገር ስሄድ ተያዝኩ።

ያጎሩን የቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለው፤ የከረመ ገብስ አቧራና የአይጥ ሽታ ብቻ። ቀለባችን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጓያ! ጥሬውን ይሰፍሩልናል፣ እኛ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቀቅለን እንበላለን።

አጠገቤ የሚተኙት የቄስ ሚስት ናቸው። ልጅሽ ጫካ ገብቷል ብለው ነው ያመጧቸው። እግራቸው መጎተት ጀምሯል። ድስቱ ሲከፈት አፍንጫቸውንና ጉልበታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ እንፋሎቱ እስኪያልፍ ይጠብቁና ንፍሮውን ጥርግ አድርገው ይበላሉ።

«እማማ፣ የሚሰብረው እንፋሎቱ አይደለም። እህሉ ነው።»

«እናቴ እንፋሎቱ ነው ብላኛለች። አንቺ ከእናቴ ልትበልጪ?»

«እናትዎስ እንዴት ሆኑ?»

«እሷማ በምርኩዝ እንደሄደች ሞተች። በደንብ አትሸፍንማ!»

ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር ላጋጨው ቃጣኝ።

ዘበኛውን ትርፍ ውሃ ለመንኩት። የአገራችን ሰው ነው፣ አባቴን ያውቀዋል።

«ከምንጭ በአህያ ያመጣሁትን ልትደፊው? ዩኒቨርሲቲሽ ይላክልሻ!» ብሎኝ ሄደ።

እንግዲያው ከመጠጥ ድርሻዬ እየቀነስኩ፣ የእሳቸውን ጓያ በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ማታ እዘፈዝፋለሁ፤ ጠዋት በሩ ሥር አጠልለዋለሁ። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። እሳቸው ደግሞ ውሃው በፈሰሰ ቁጥር «ኧረ ግፍ ነው!» እያሉ ያማትባሉ። እስከ ዛሬ ሰው ውሃ ሲደፋ ሳይ ከንፈሬን እልሳለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛው ስሜን ጠራ። «ከነዕቃሽ!»

ከነዕቃው የተጠራ ወይ ቤቱ ይገባል፣ ወይ አይገባም። ቆርቆሮውን አነሳሁ።

«አንቺ! ተጠርተሻል እኮ!» አለችኝ አንዷ እስረኛ።

«ይጠብቁ። ውሃው አልተደፋም።»

ልደፋው ስል እማማ እጄን ያዙኝ። ቆርቆሮውን ተቀበሉኝ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ብድግ አሉና፣ በሩ ሥር እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፉት። ሲቀመጡ ጉልበታቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ለማንኛውም።

«በይ ሂጂ ልጄ» አሉኝ። «ነገም እደፋዋለሁ።»

ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።