ቅቤው ዝም ሲል

አክስቴ ቅቤ ሲያነጥሩ ማድ ቤት ውስጥ ትንፍሽ የሚል ሰው አይወዱም ነበር። ወሬ ከጀመርኩ «ጨሊሲ!» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ ዘንበል ያደርጋሉ። አረፋውንም ቀለሙንም አያምኑም። «እየተንጣጣ ከሆነ ገና ውሃ አለው። ድምፁ ሲጠፋ ቶሎ አውርጂ፤ ከዘገየሽ ያርራል» ይሉኝ ነበር። ጅሬን ላይ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ይሄን ጆሮ የሰጡኝም እሳቸው።

ለሥራ ሰኮሩ ከገባሁ በኋላ በየእሁዱ እደውልላቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ወሬያቸው በዛ። የጎረቤት ሠርግ፣ የዶሮዋ አመል፣ ሳቅ በሳቅ። እንዲህ ካወሩማ ደህና ናቸው ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ለካ ታመው ኖሯል። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም። ከቀብር ስንመለስ ልጃቸው ነገረችኝ። «እማዬ እኮ ‹ያቺ ልጅ ዝምታ ትሰማለች፤ ዝም ካልኩ ታውቅብኛለች› እያለች ነው ስታወራሽ የከረመችው። ስልኩ ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥራት ነበር።»

አክስቴ፣ ሌላ ሰው ቢዋሸኝ እችለው ነበር። እርስዎ ግን ራስዎ ባስተማሩኝ ጆሮ አታለሉኝ። ፊትዎ ቆሜ እንዳልቆጣዎት እንኳ የሉም።

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቅቤ አነጠርኩ። ተንጣጣ፣ ተንጣጣና ዝም አለ። ማውረድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። «ትንሽ እንኳ አውራ እንጂ!» ብዬ ድስቱ ላይ ጮህኩ።

አረረ።