ለእትዬ አያልነሽ ምንጭ ፍለጋ

ናይሮቢ ውስጥ አበሻ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለዕድሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ቀጥሎ ለሐብተማርያም። ሊቀ መንበሩ ለመኪናውና ለድንኳኑ፣ ሐብተማርያም ለሕይወት ታሪኩ። ኢስትሊ ሰፈር ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ ነው የሚኖረው፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በነጻ ጽፏል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምርና፣ «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» በሚለው በኩል አልፎ፣ «ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን» ላይ ያርፋል። ክፉ ሰው ጽፎ አያውቅም። ጎረቤቱን ሁሉ ለፖሊስ ሲጠቁም የኖረውን ሰውዬ እንኳ «ለሕግ ቀናዒ» ብሎ ነው ያሳለፈው፤ ለቀስተኛውም አቀርቅሮ ሳቁን ዋጠ።

አምና አቶ ሥዩም የሚባሉ ነጋዴ አርፈው ከቀብር ሲመለሱ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት እትዬ አያልነሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ሐብቴ፣ ለሥዩም ያነበብከው ግሩም ነው። ግን ሥዩም አልሰማውም» አሉት።

«ምን ይደረጋል፣ እትዬ።»

«የኔን ሳልሞት አሳየኝ።»

እሺ አለ። እሺ ማለት መቼም ምላስ አያደክምም። ችግሩ በኋላ ነው የታየው፤ በቁሙ ላለ ሰው የቀብር ወረቀት መጻፍ ሟርት ነው። ማን ደፍሮ ያደርገዋል? ሐብተማርያም ነገሩን አድበስብሶ ዓመቱን ገፋው።

እትዬ አያልነሽ ማን መሆናቸውን ለማያውቅ መንገር ያስፈልጋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ስዋሂሊ ያልገባውን ያገራቸውን ሰው እየያዙ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ሄደው አስተርጉመዋል፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም። ደመወዝ የለ፣ ባጅ የለ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው አበሻ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሐኪሙም እውነት መስሎት ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። አንድ ወጣት እንዲህ ተብሎ ቤቱ ተልኮ፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሊያልቅለት ሲል ነው የደረሱለት። ከዚያ ወዲያ ሐኪሞቹን ቁጭ አድርገው አስተማሯቸው። የመጀመሪያው መልስ ሰላምታ ነው፤ በሽታውን ማወቅ የፈለገ ሁለተኛ ይጠይቅ። ነርሶቹ አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር ይህችን ይነግሩት ነበር።

ዘንድሮ እሳቸው ታመሙ። ካንሰሩ ጉበታቸው ዘልቋል። ሐኪሙ የነገራቸው በስዋሂሊ ነው፤ ለስንቱ ሰው አለሳልሰው ያስተረጎሙትን ቃል የራሳቸው ሲሆን እንደወረደ ሰሙት። ከዚያ ሆስፒታሉ ወደ ቤት ሸኛቸው። ሐብተማርያም ሊጠይቃቸው ሲሄድ ሌላ አላሉትም፤ «ሐብቴ፣ ያቺ ነገር?» ብቻ አሉት። በሐፍረት መሬት ተከፍቶ ቢውጠው ይመርጥ ነበር።

መላውን ያመጣችው ልጃቸው ትዕግስት ናት፤ ናይሮቢ ያደገች፣ ፋርማሲ የምትሠራ።

«ጋሼ፣ ለምን ዊኪ ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው መዝገብ ላይ፣ አትጽፈውም?» አለችው በሩ ላይ ስትሸኘው። «የአማርኛ አለ እኮ። እዚያ አላይቭ የሆነ ሰውም ይጻፋል፣ ፊዩነራል አይደለም። ማንም ሰው ጀስት አካውንት ከፍቶ ነው የሚጽፈው። ማማ በሲሙዋ፣ በስልኳ ማለቴ፣ ታየዋለች።»

ሐብተማርያም ደስታው ወሰን አጣ። በወረቀት አይደለ፣ በቤተ ክርስቲያን አይደለ። ዘፋኙም ጄኔራሉም በቁማቸው የተጻፉበት ቦታ ነው፤ ማን ሟርት ይለዋል? «ይህን ሳምንት ያዩታል» ብሎ ወደ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለእትዬ አያልነሽ ነገራቸው።

ሰኞ ጠዋት የሰው ማስረጃ ሁሉ ወደ ጎን ገፍቶ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። የዊኪውን መመሪያ ለትርጉም እንደመጣ ሰነድ ቃል በቃል አነበበው። መጀመሪያ ሰውየው ተጽፎ እንደሆነ ፈልግ ይላል፤ ፈለገ። «በዚህ ስም መጣጥፍ የለም፤ መፍጠር ይችላሉ» የሚል መጣለት። ጨዋ ቤት ነው አለ በልቡ። አካውንት ከፈተ። በቅድሚያ የሙከራ ገጽ ላይ ጻፍ ይላል፤ ጻፈ። ስለ ራስህና ስለ ዘመድህ አትጻፍ ይላል፤ ዘመድ አይደለም፣ አለፈው። አታወድስ ይላል፤ ይህን ለሌሎች የተጻፈ ምክር አድርጎ ተመለከተው። ለምትጽፈው ሁሉ ምንጭ ጥቀስ ይላል፤ እሱም ከግርጌ «ምንጭ፦ ጸሐፊው ባለታሪኳን ለሃያ ዓመት በቅርብ ያውቃል» ብሎ ሞላ። ከዚህ በላይ ምን ምንጭ አለ? «አሳትም» የሚለውን ተጭኖ ሻይ ሊጠጣ ወረደ።

በማግስቱ ገጹን ሲከፍት ከእትዬ አያልነሽ ስም በላይ ቀይ ሳጥን ተጋርጧል። «ይህ መጣጥፍ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲጠፋ ታስቧል» ይላል። ከሥር፣ በውይይት ገጹ ላይ፣ ፋኑኤል የሚባል የዊኪው አርታዒ ጽፎለታል። «ሰላም፣ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን። ጽሑፉ የቀብር ንግግር ይመስላል። የታተመ ምንጭም የለውም። ደግሞም ባለታሪኳ መቼ እንዳረፉ አልተገለጸም።»

ሐብተማርያም ወደ ጽሑፉ ተመልሶ ቢያነበው፣ እጁ የለመደውን ነው የሠራው። «ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ»፣ «በሁሉ ዘንድ የተወደዱ ነበሩ»፣ «የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ»። ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን ሟርት ዓለም በሚያየው አደባባይ ለጥፎታል። ሴትዮዋን ሳያውቀው ቀብሯቸዋል።

ያን ቀን አንድም ማስረጃ ሳይተረጉም ዋለ። የሰውን ሕይወት «ናቸው» ብሎ ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ በጣም ከበደው። ደራሽነቱን አወጣ፣ መወደዱን አወጣ። የቀረው ሲታይ ዘጠኝ መስመር ነው፤ ቀን፣ ቦታ፣ ሥራ፣ ለሐኪሞቹ ያስተማሩት ነገር። ፋኑኤል ማታውን መለሰለት። «አሁን ጥሩ ሆኗል። የቀረው ምንጭ ነው። ጋዜጣ፣ መጽሐፍ፣ የድርጅት የታተመ ሪፖርት፣ አንዱ ቢገኝ ይበቃናል።» ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር፤ መሳደብ ይቻላል። ግን ክፉ አልነበረም።

ለእትዬ አያልነሽ ገና እያስተካከለው መሆኑን በትዕግስት በኩል ነገራቸው። ያን ቀይ ሳጥን በስማቸው ላይ እንዲያዩት አልፈለገም።

ረቡዕ ጊጊሪ ወደሚባለው ሰፈር ሄደ፤ እትዬ አያልነሽ ብዙ በሽተኛ የተቀበሉት እዚያ ካለ አንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ነበርና። እንግዳ ተቀባይዋ በትሕትና አስቀመጠችው፣ በትሕትናም ሸኘችው። በፈቃደኝነት የሠራ ሰው በመዝገብ አይያዝም፤ ቢያዝም ለውጭ ሰው አይሰጥም። ትልቅ በር ላይ ቆሞ ማታቱ እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ባስተረጎሙ ቁጥር ቢያስፈርሟቸው ኖሮ ብሎ ተናደደ። በማን እንደተናደደ ግን አላወቀም።

ትዕግስት አንድ ነገር አስታወሰች። ልጅ እያለች፣ በሞያሌ መንገድ አውቶቡስ ተገልብጦ የቆሰሉ ኢትዮጵያውያን ሆስፒታሉን የሞሉበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ጋዜጠኛ መጥቶ እናቷን ፎቶ አንስቷል። በፈረንጆቹ 1998 ይሁን 1999 አታውቅም። ሐብተማርያም ሐሙስና ዓርብ መሃል ከተማ ቤተ መዛግብት ገብቶ የድሮ ጋዜጣ ሲገልጥ ዋለ። አቧራው አስነጠሰው፣ ዓይኑ ቀላ። ዓርብ ከምሳ በኋላ አገኘው።

ፎቶው ግልጽ ነው። አልጋ ላይ እግሩ በጀሶ የታሰረ ሰው፣ በስተቀኝ ሐኪሙ፣ በመሃል ወደ በሽተኛው ያጎነበሱ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ የወደቀ፣ የአርባ ምናምን ዓመቷ አያልነሽ። አፋቸው ተከፍቷል፤ እየተናገሩ ነው። ሐብተማርያም በሰው ፊት እንባው መጣ። ከዚያ ከሥዕሉ በታች ያለውን አነበበ። የሐኪሙ ስም ከነአባቱ አለ። የበሽተኛው ስም አለ። ቀጥሎ «በአስተርጓሚ አማካይነት ሲነጋገሩ» ይላል፤ አለቀ። ገጹን ገለበጠ፣ ቀጣዩንም አየ። ስማቸው የለም።

ያም ሆኖ ገጹን ኮፒ አድርጎ ለፋኑኤል ላከው። ፋኑኤል ቅዳሜ ጠዋት መለሰ። «አየሁት። እኔ አምንዎታለሁ። ነገር ግን ስማቸው እስካልተጻፈ ድረስ እሳቸው መሆናቸውን ገጹን የሚያነብ ሰው ማረጋገጥ አይችልም።»

ሐብተማርያም ቀብር ላይ ካነበባቸው ወረቀቶች እትዬ አያልነሽ የተጠቀሱባቸውን አሥራ አንድ አወጣ። «በሕመማቸው ጊዜ ወይዘሮ አያልነሽ ከጎናቸው ሳይለዩ» የሚሉ ናቸው። እነዚህን ጽፎ አቀረበ። ያልታተመ አይቆጠርም ተባለ፤ ደግሞ የጻፋቸው እሱ ራሱ ነው። «ሕጉ የወጣው አጎቱን ጄኔራል አድርጎ የሚጽፍ ስለበዛ ነው» ብሎ ፋኑኤል አስረዳው። ሐብተማርያም ጠቋሚውን ሰውዬ አስታወሰ። ስንት ቀጣፊ በእሱ ብዕር ጻድቅ ሆኖ ተሸኝቷል፤ እውነተኛዋ ሰው ስትመጣ ቃሉ የማይታመን ሆነ።

ማክሰኞ ገጹ ጠፋ። ከፋኑኤል የመጨረሻ መልእክት ነበረው። «በጣም አዝናለሁ። ወደፊት ስለ እሳቸው በጋዜጣ የተጻፈ ነገር ከተገኘ ያሳውቁኝ፤ እኔው ራሴ እመልሰዋለሁ። እግዚአብሔር ይማርዎት ይበሉልኝ።» ጋዜጣ ስለ ተራ ሰው የሚጽፈው ሲሞት መሆኑን ሐብተማርያም ያውቃል። ያኔም ከፍሎ የሚያሳትም ዘመድ ሲኖር ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄደ። እትዬ አያልነሽ በሳምንቱ ውስጥ በጣም ከስተዋል፤ ትራስ ደገፍ ብለው ሲያዩት ፈገግ አሉ። ትዕግስት ወንበር ሰጥታው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አውጣው እስቲ» አሉት። «መነጽሬን አምጪ፣ ትዕግስት።»

«አጥፍተውታል፣ እትዬ።»

«ለምን? ምን ጎደለው?»

«ምንጭ ይላሉ። እርስዎ የሠሩት የተጻፈበት ማስረጃ ካልተገኘ አይሆንም አሉ።»

እትዬ አያልነሽ ሕይወታቸውን በሙሉ አንዱ ያለው ላልገባው ለሌላው ሲያስረዱ የኖሩ ሴት ናቸውና፣ ይህም ንግግር በመሃል የተበላሸ ብቻ መሰላቸው።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ» አሉ ቀስ ብለው። «ይጠይቁኛ። ሆስፒታሉን ከነክፍሉ፣ ሐኪሞቹን ከነስማቸው እነግራቸዋለሁ። ሌላ ማን ያውቀዋል?»

ሐብተማርያም እሳቸው ለራሳቸው ምንጭ እንደማይሆኑ ሊነግራቸው ፈለገ። በየትኛው ቋንቋ ይባላል?

«ያጠፋው ልጅ ስሙ ማን ነው?» አሉት እትዬ አያልነሽ።

«ፋኑኤል።»

«ስልኬን ሰጥተኸዋል?»

«ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ዋሻቸው ሐብተማርያም።

እትዬ አያልነሽ ሰውነታቸው ዘና አለ። ትዕግስትን ስልኩን ቻርጅ እንድትሰካላቸው፣ ድምፁንም ከፍ እንድታደርገው አዘዟት። ከተሰካም በኋላ ሩቅ ነው ብለው ገመዱን አስረዝመው ትራሳቸው ላይ አስቀመጡት፤ እንቅልፍ ቢወስደኝ ቀስቅሱኝ አሉ።