ብቻዬን የሄድኩበት መልስ

ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ቤቴ ፊት ለፊት ዳገት አለ። ከባድ መኪና ማርሽ ቀንሶ ሲወጣው የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ የናፍጣው ሽታም በስንጥቁ ይገባል። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልብሱ ሁሉ ታጥቦ ለሰው ተሰጥቷል፤ ሽታው ግን በየቀኑ በደጄ ያልፋል።

ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። እሱ ከአባቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችው። የቤንዚን ሞተሯ ደክሞ ባዶዋን እንኳ ዳገት ላይ ትለማመጥ ነበር። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር አገኘና "ይቺን ፈረስ አደርጋታለሁ" አለ። ከሠርጋችን በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁሉ በዚያ ሞተር አለቁ። የሞተሩን መቀመጫ ቆርጦ በየደ፣ ክብደቱን እንድትችል የፊት ባሌስትራ ጨመረ፣ የጭነት መኪናውን ትልቅ ራዲያተር አስገባ።

በብረት ብቻ ብቀና ኖሮ ቀላል ነበር። ሞተሩን የሚገጥምበት ጋራዥ ባለቤት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ከእኔ ጋር እኩያ ናት። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። "ሦስተኛው ፒስተን ያስነጥሳል" ትላለች። ሲፈቱት እንዳለችው ይሆናል። ባለቤቴ "ጆሮዬ" ይላት ነበር። እኔን "ሙሽሪት" ይለኛል። ሙሽርነት ደግሞ ያልፋል።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ብሄድ ሁለቱም ሞተሩ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው።

"አካም፣ ሙሽሪት! ነይ አንቺም ስሚ" ብላ ካቻቢቴውን አቀበለችኝ። ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። ጩኸት ብቻ።

"ምን ይልሻል?" አለ እሱ።

"ምሳው ቀዘቀዘ ይላል።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው። መልሳችን ለቅዳሜ ተቆርጦ እናቴ ዳስ አስጥላ ትጠብቀናለች። ባለቤቴ በአዲሱ ሞተር ካልገባሁ አለ። የአሮጌዋ ፒካፕ ጌጅ ግን ከአዲሱ ሞተር ጋር አልገጠመም፤ ሙቀቱ ቢጨምር የሚያሳይ ነገር የለም።

"እሷም ትምጣ፤ ታዳምጥልናለች" አለኝ።

"በመልሴ ቀን?"

"መሀል ትቀመጥ፣ ከማርሹ አጠገብ በደንብ ይሰማታል። አንቺ በመስኮቱ በኩል ንፋስ ታገኛለሽ።"

ያን ዕለት የግቢውን በር የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ፒካፗ ሞተሯን ስታሞቅ ቆይታ ወጣች። በጋ ነው፤ ግቢው አቧራ ነው። ራዲያተሩ የነበረበት ቦታ ግን ውሃ ተንጠባጥቦ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ረግጬው አለፍኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በልቤ "ጆሮ አይደለሽ? ስሚዋ!" አልኩና ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከከተማው ርቀን አንድ ረጅም ዳገት እያጋመስን ሳለ አንገቷን ሰበር አድርጋ "ቁም! ቁም!" ብላ ጮኸች። ዘግይታ ነበር። እንፋሎቱ መንገዱን ሸፈነው፤ ሞተሩም አንድ ጊዜ አጓርቶ ጸጥ አለ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰንጥቋል።

"የውሃ ቱቦውን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ" አለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ደስ አለኝ። ይህን ቃል ከመጻፌ በፊት ሦስት ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ደስ አለኝ።

ደስታዬ አውቶቡስ እስኪመጣ ነው የቆየው። ባለቤቴ አስቁሞ "ሰዎችሽ እንዳይቀየሙ አንቺ ቅደሚ። ሂን ያዳኢን፣ አትጨነቂ" አለና ክንዴን ደግፎ አሳፈረኝ። በኋላ መስኮት ሳይ ሁለቱ ብቻቸውን ከፒካፗ ጥላ ሥር ቀርተዋል። በገዛ እጄ።

ዳሱ ጋ ስደርስ እልልታው መሀል ላይ ተቋረጠ።

"ሙሽራውን የት ጥለሽው መጣሽ?" አለች አክስቴ።

"መኪናው ተበላሽቶበት።"

"ታዲያ ከእሱ ጋር ማን አለ?"

አልፌያት ወደ እናቴ ገባሁ። እሱ በማግስቱ የበቆሎ ጭነት ላይ ተሳፍሮ፣ አቧራ ለብሶ መጣ። ድግሱ አልቆ ነበር።

ሞተሩ ተጠግኖ ብዙ ዓመት ሠራ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን ሞተር ላይ አላሳረፈችም፤ ገበያው ዳር የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተች። ባለቤቴም "ጆሮዬ" ሲል ዳግመኛ አልሰማሁም። የፈለግኩትን አገኘሁ። በሱቋ በኩል ሳልፍ ግን መንገድ እቀይር ነበር።

ባለቤቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ መጣች። ሰው ሲሳሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ የምነግረው ሰው አልቀረኝም።

"ውሃውን አይቼው ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሱ ራሱ። ሲያሳፍርሽ ጫማሽን አየ፤ በበጋ ቀይ ጭቃ። አውቶቡሱ እንደሄደ 'ቀናተኛዬ ሞተሬን አነደደችው' ብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪወርድ። ከዚያ 'እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች' አለኝ።"

ያን ሁሉ ዘመን አንድ ማዕድ በልተን አንድም ቀን አልተነፈሰም። እኔ ከእሱ የደበቅኩትን እነሱ ከእኔ ደብቀውት ኖሩ። ደረቴ ውስጥ ያ የድሮው ነገር እንደገና ተቀጣጠለ፤ እሱ አፈር ከገባ በኋላ እንኳ። ሲስቅ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በእኔ የሳቀውን ያንን ሳቅ ግን የሰማችው እሷ ብቻ ናት።

እጇን ያዝኳት።

"እስቲ ንገሪኝ" አልኳት፣ "እንዴት አድርጎ ነበር የሳቀው?"