ጥግ ላይ የምትቀረው ጉርሻ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ። ውጭ የድሬ ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ውስጥ ደግሞ ቆርቆሮው ያንኑ ፀሐይ ተቀብሎ ቁልቁል ይለቀዋል። ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ማስወጣት ነው ሥራዬ። «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ፣ አሁኑኑ ትመለሳለህ» ብለውኝ ሻዬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ነበር የወጣሁት። ያ ሻይ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግማሹን እንኳ አልጠጣሁትም።

«ጾመኛ ነህ?» አለኝ አንድ ድምፅ ከእግሬ ሥር።

የገና ጾም ከገባ ጥቂት ቀን ሆኖት ነበር። ከጥያቄ ሁሉ ይኼ መምጣቱ እየገረመኝ «ነኝ» አልኩ።

«በቃ ለገና እኛ ቤት ተጠርተሃል። ቁጭ በል አቦ፣ ቆመህ አታድርም።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ስሙን አልጽፍም። ያ ስም በዚያ በር ቀዳዳ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት ነው መሰለኝ ብዕሬ እምቢ ይለኛል። ባለባጃጅ ነበር፤ ከቀፊራ ገበያ እስከ ከዚራ ሰፈር ሲመላለስ የኖረ፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ወጣት። ለምን እንደታሰረ ስጠይቀው «አንድ ሰው አሳፍሬ ነበር አሉኝ፤ እኔ በቀን ስንቱን አሳፍራለሁ?» ብሎ ሳቀ።

ከእሱ ሌላ የቀረብኳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የቀፊራ ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው ሽማግሌ። ሌላው ከዋሂል የመጣ ገበሬ ነው፤ ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ የማይሆንለት፣ ከ«እሺ» እና ከ«ውሃ» ሌላ አንድ ቃል ሲያወጣ ሰምቼው የማላውቅ ዝምተኛ ሰው።

ምሳ ተበልቶ ሙቀቱ ሲከብድ ባለባጃጁ የገናን ድግስ ያሰናዳል። በአፉ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሁለት ዶሮ ቀፊራ ወርዶ ራሱ ይገዛል፤ እናቱ ከሄዱ ባለዶሮዎቹ ያታልሏቸዋል። አንዱን እሱ ያርዳል። ሌላውን ግቢ የሚጋሩት ሙስሊም ጎረቤታቸው ቢስሚላሂ ብለው ያርዱታል፤ ይኼኛው ዶሮ ለጎረቤቶቹ፣ ለሐጂና ለዋሂሉ ሰው ነው። የሙስሊሙ ወጥ በተለየ ድስት ይሠራል፤ ማማሰያው እንዳይቀላቀል የድስቱ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ድሬ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እኛም ቤት እንዲሁ ነበር።

ከዚያ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን የትኛው ብልት እንደሚደርሰው ያከፋፍላል። ታፋው ለእህቱ ነው፤ ለእኔ አንገት ነው የወጣልኝ። እኔም ሞኙ የምሬን እቆጣ ነበር። «ዘግይተህ ነዋ የገባኸው!» ይለኛል። ሐጂ በበኩላቸው በሽንኩርቱ ይጣሉታል፤ ዘይት ሳይነካው በደረቁ በደንብ መብሰል አለበት፣ አንተ ታቻኩለዋለህ ይሉታል። በየቀኑ ያው ድግስ፣ ያው ጠብ። ግን ያቺን ሰዓት ረሃቡም ፍርሃቱም ይረሳን ነበር።

በአንድ ነገር ብቻ አይቀልድም፤ በፈረሰኛው። ፈረሰኛ የአባወራው ብልት ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለእሱ ነበር የሚወጣለት።

«ዘንድሮ ለእናቴ ነው የማወጣው» ይል ነበር። «እምቢ ትላለች፤ አውቃታለሁ። አጉርሼ አበላታለሁ።»

እናቱ በየቀኑ ምሳ ያመጣሉ። ሊያዩት አይፈቀድላቸውም፤ ምሳ ዕቃውን በር ላይ ሰጥተው ቆይተው ባዶውን ይቀበላሉ። እኩለ ቀን ላይ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ ስሙን ይጠራል፣ እሱ «አቤት!» ብሎ ይነሳል። ከሁላችን ጋር በልቶ ሲጨርስ አንዲት ጉርሻ ጠቅልሎ የምሳ ዕቃው ጥግ ላይ ያስቀራል። እናቱ ቤት ሲደርሱ ይበሏታል፤ ደህንነቱን የሚያውቁት በእሷ ነው።

ያቺን ጉርሻ የሚጠቀልላት ታዲያ በግራ እጁ ነበር። ግራኝ ነው። ልጅ ሆኖ እናቱ ማዕድ ላይ ግራውን እየመቱ ቀኙን አስለመዱት። «ይቺን ግን በግራዬ ነው፤ ትናደድ» እያለ ለብቻው ይስቃል። ሐጂ ግራ እጅ ምግብ ሲነካ ባዩ ቁጥር «አስተግፊሩላህ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ስሙ ያለሰዓቱ ተጠራ።

«ዕቃዬን ልያዝ?» አለ።

«ዕቃህ ይቆይ።»

ነጠላ ጫማውን ሊያጠልቅ እግሩን ሲዘረጋ ጠባቂው «እሱም አያስፈልግህም» አለው። ባለባጃጁ ጫማውን አየ፣ እኛን አየ። «ሐጂ፣ ሽንኩርቱን አደራ» ብሎ ባዶ እግሩን ወጣ። እኛም ሳቅን። ያኔ መሳቃችን አሁንም ያመኛል።

አልተመለሰም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ግን በበሩ ቀዳዳ ስሙ ተጠራ። ክው ብለን እርስ በርስ ተያየን። በር ላይ ያሉት ሰዎች መወሰዱን የነገራቸው የለም መሰል፣ ወይም ተነግሯቸው ጉዳያቸው አልሆነም። ምሳ ዕቃው ገባ። ሽሮና ጎመን ነበር፤ ገና ይሞቃል።

እኔ ሳይነካ ይመለስ አልኩ፤ እናት ናቸው፣ ማወቅ አለባቸው። ሐጂ አልተስማሙም። «ስሙ እስከተጠራ ድረስ እዚህ አለ» አሉኝ። «ሙሉውን ከመለስነው በር ላይ ያሉት የለም ብለው ይሰርዙታል። ከዚያ ወዲያ ማን ይፈልገዋል?» ወደ ምሳ ዕቃው ተጠጋሁ። በላን። ሲያልቅ ሐጂ አንዲት ጉርሻ አስቀርተው በቀኝ እጃቸው ጠቀለሉ፤ ጫፏን እንደ ሳምቡሳ ወደ ውስጥ ቆለፉና ጥግ ላይ አኖሯት። «በግራ ነበር እኮ የሚጠቀልላት» ብላቸው «በግራዬ ምግብ አልነካም፤ እናትየው ይህን ልብ አይሉም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌለ ሰው ምሳ እየበላን ኖርን። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ ነው የምንተኛው፤ እሱ ይተኛበት የነበረውን ቦታ ግን ማንም አልነካም። አዲስ እስረኛ ሲገባ እንኳ ምንም ሳንነግረው ያንን ቦታ ዘሎ ሌላ ጋ ይጠጋል። ነጠላ ጫማው እንዳወለቀው፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ቁጭ ብሏል።

አንድ ቀን ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ሰማን። ቀስ ያለ፣ ከዚያው ከባዶው ቦታ በኩል። ጠባቂው እንደ ወትሮው ምሳ ዕቃውን ሰጥቶ ሄደ። ማን እንዳለው ተጠያየቅን፤ ሁሉም ማለ ተገዘተ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

ከዚህ የባሰው የዋሂሉ ሰው ነው። ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ተኝቶ መናገር ጀመረ፤ ጥርት ባለ አማርኛ። ሁለት ዶሮ ቀፊራ ወርጄ፣ አለ። ቀይ ክር፣ አለ። ታፋው ለእህቴ፣ አንገቱ ለትራንዚተሩ። ድምፁ የራሱ ነው፣ አነጋገሩ ግን የባለባጃጁ ነው፤ ቃል ስቦ የሚያቆምበት ቦታ ሳይቀር። ፈረሰኛው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ስንቀሰቅሰው ሐጂ በኦሮምኛ ጠየቁት፤ ምንም አያውቅም። በየቀኑ ሲሰማ ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የገና ዕለት ደረሰ። በሩቅ የሰው ጫጫታ፣ ከጠባቂዎቹ ክፍል የራዲዮ መዝሙር ይሰማል። ከቤት የመጣልኝን ክትፎ እንዳቀፍኩ ስሙን ጠበቅሁ። ተጠራ። የዚያን ዕለት የገባው አንድ ምሳ ዕቃ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። የሁለተኛው እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

ሐጂ ክሩን በጣታቸው ነክተው አዩኝ። ጾሙን ሙሉ የመጣው ሽሮና ምስር ነው፤ ለሙስሊም የሚለይ ነገር አልነበረውም። ልጃቸው ክርስቲያን፤ ይህ ለማን ነው?

መጀመሪያ ክር የሌለበትን ከፈትኩ። ዶሮ ወጥ፣ ከነእንቁላሉ። ሳላስበው ፈረሰኛውን ፈለግሁ። ታፋ አለ፣ ክንፍ አለ፣ አንገት አለ። ወጡን እስከ ታች ገላበጥኩት፤ ፈረሰኛው የለም። እናት ለታሰረ ልጇ ዶሮ ልካ ፈረሰኛውን ታስቀራለች?

ሐጂ ባለክሩን ከፈቱና እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ጥግ ላይ፣ እሳቸው በየቀኑ በሚያኖሩበት ቦታ፣ አንዲት ጉርሻ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ጫፏ እንደ ሳምቡሳ ወደ ውስጥ ተቆልፏል።

«እናትየው አውቀዋል» አሉ ሐጂ። «ያ ረቢ፣ ሁሉንም አውቀዋል።»

ከዚያ ሐጂ ያቺን ጉርሻ ቢስሚላሂ ብለው በሉ፤ እንባቸው ሂና በተቀባው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። የዋሂሉ ሰው ከእሳቸው ጋር በላ። እኔ አንገቱን አውጥቼ በላሁ፤ ለእኔ የተመደበው እሱ ነውና። ስንጨርስ የዚያን ዕለት የመጠጥ ውሃችንን አነሳሁ። እስከ ማታ ሌላ እንደማይሰጠን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድም ሰው «ተው» አላለኝም። ምሳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አጥቤ በሸሚዜ አደረቅሁ። ሐጂ ቀይ ክሩን እንደነበረ መልሰው አሰሩት። ጉርሻ አላስቀመጥንም፤ መልሳችን ይኼ ነበር።

ጠባቂው ሲቀበለን ክዳኑን ከፍቶ አየ። «ማነው ያጠበው?» አለ።

«እኔ» አልኩ።

ትንሽ አየኝና ሄደ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ስሙ አልተጠራም።

ሐጂ ከእኔ በፊት ወጡ። እኔ ስፈታ፣ ስገባ በር ላይ ያስረከብኩት ጫማ ጠፍቷል ተባልኩና የእሱን ነጠላ ጫማ አጥልቄ ወጣሁ። ቤቴ አድሬ በማግስቱ ያንኑ ጫማ እንዳጠለቅሁ ግቢያቸውን ጠይቄ ሄድኩ። እናቱ ከውስጥ ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት ፊቴን አይደለም፣ እግሬን ነው። ገብቼ እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ጫማውን አውልቄ ሰጠኋቸው፤ አቧራውን በነጠላቸው ጠርገው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት» አሉኝ። «የልጄን እጅ አጣዋለሁ እንዴ? ያቺ በቀኝ የተጠቀለለች ናት። ጫፏን እንደ ሳምቡሳ የሚቆልፍ ደግሞ የሙስሊም እጅ እንደሆነ ለድሬ ሴት ይነገራታል?»

«ታዲያ ማምጣቱን ለምን አልተዉም?»

«እየተቀበሉኝ ነዋ። እያወቅሁም ‹የለም› የሚለኝ ሰው እስኪመጣ አለ እል ነበር። ለገና ግን መልስ ፈለግሁ። እናንተ ያን የታጠበ ምሳ ዕቃ ስትልኩልኝ ከዚያ በር ተነሥቼ ሌላ በር መፈለግ ጀመርኩ።»

በሩን አላገኙትም፤ ዛሬም ይፈልጋሉ። አንዳንዴ አብሬያቸው እሄዳለሁ። እኔም ደህና ነኝ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ እኩለ ቀን ሲሆን ግን የትም ብሆን ጆሮዬ በር በር ይላል።

ከተፈታሁ በኋላ የመጣው ገና እሳቸው ቤት ነበርን። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት «ድግሱን እንዴት ያሰናዳው ነበር፣ ንገረኝ» አሉኝና ልጃቸው በአፉ ያሰናዳውን እንዳለ ነገርኳቸው፤ እንዳለ ሠሩት። ባለክሩን ዶሮ ሐጂ መጥተው አረዱ፤ ሽንኩርቱም ላይ ከጎናቸው አልጠፉም፤ አደራ አለባቸው። ማዕዱ ሲቀርብ ፈረሰኛው የለም። እናቱ ለልጃቸው ብለው ለብቻው በሳህን ከድነው ጥግ አስቀምጠውታል፤ እስር ቤት እያለንም እንዲሁ አስቀምጠውት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከነገርኳቸው ውስጥ ያስቀረሁት አንድ ነገር ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት አፌ እምቢ ብሎኝ።

«እማማ፣ ፈረሰኛው ለእርስዎ ነው» አልኳቸው። «ዘንድሮ ለእናቴ ነው የማወጣው ብሏል። እምቢ ካለች አጎርሳታለሁ ብሏል።»

ክዳኑን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። ከዚያ ከፍተው፣ ቀስ ብለው፣ አንዲት ጉርሻ እስክትቀር በሉት። ያቺን የመጨረሻዋን በግራ እጃቸው መጠቅለል ጀመሩ። አልለመዱትምና ተፈታባቸው፤ እንደገና ጠቀለሏት፣ ጥግ ላይ አኖሯት።

ሐጂ ማዕዱ ማዶ ነበሩ። ፊታቸውን አላዞሩም።