ማ ሴቱንያ ያልተቀመጠችበት ፍራሽ

ወንድሜ ኦዲሪሌ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ከአሁኑ የምናገረው በኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ እንዳትረግሙት ነው። መርገም ካስፈለገ እኔ ታላቅ እህቱ አለሁለት።

ሥራው ሾፌርነት ነበር። ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና እየሰበሰበ ሞሌፖሎሌ ከተማ ወዳለው ምርመራ ቤት ያደርሳል። እዚያ ዶክተር ሌቱሚሌ የምትባል ወጣት ሐኪም አለች፤ ጥናቷ ሐዘንና ጭንቀት የሰውን ደም ምን እንደሚያደርጉት ነው። ሚስቱ መድኃኒት የማይበግረው የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሆስፒታል ለብቻዋ ስትተኛ፣ ዶክተሯን በር ላይ ጠብቆ ምን ይሻላታል ብሎ ጠየቃት።

«ራ ሴቱንያ፣ ላስረዳዎት» አለችው፤ በልጁ ስም የሴቱንያ አባት ብላ መጥራቷ ነው። «ሰው ሲያዝን ወይም ሲደነግጥ ነርቮቹ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። በሽታ የሚዋጋልን ነጩ የደም ሕዋስ ያን መልእክት የሚቀበልበት ነገር ገላው ላይ አለው። መልእክቱ ከበዛበትና ከሰነበተበት ይለግማል። በሽታው ያለበት ቦታ አይደርስም፤ ቢደርስም በቅጡ አይዋጋም። ስለዚህ ጭንቀት አታብዙባት። ብቻዋንም አትተዉአት፤ ብቸኝነትም ያንኑ ነው የሚያደርገው።»

ወንድሜ ከዚህ ሁሉ ግማሹን ብቻ ይዞ መጣ።

በዚያው ሰሞን ሴቱንያ ሞተች። ለነሱ አንድ ልጃቸው ናት፤ ከፍራንሲስታውን ከተማ ወደኛ ስትመጣ መኪናው ተገለበጠ። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳለቅስ እሱ ቆሞ ያስባል።

«ለእናቷ አይነገርም» አለ።

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ? እናት እኮ ናት።»

«መድኃኒቱ ገና አሁን መሥራት መጀመሩ ነው። ነጩ ደሟ ከለገመ ትሞትብኛለች።»

«እና ፍራሹ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?»

እኛ ዘንድ ልጅ ሲሞት ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ እናት እስከ ቀብር ከዚያ አትነሳም። ሴቶች ከበዋት ይቀመጣሉ፣ እየለመኑ ያጎርሷታል፣ አብረዋት ያለቅሳሉ። ያን ሳምንት ፍራሹን አነጠፍነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። አክስታችን ማ ባቱሲ ባዶውን ፍራሽ እያየች «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ለቅሶ አላየሁም፤ ለመሆኑ ማንን ነው የምናጽናናው?» አለች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቀበርናት። ከቀብር መልስ ዘመድ ሁሉ ራሱን ተላጨ። ኦዲሪሌ ብቻ አልተላጨም፤ ሚስቱ እንዳትጠረጥር ነው።

በማግስቱ ራሴን በሻሽ ጠቅልዬ አብሬው ሆስፒታል ሄድኩ። የምናወራት በመስኮት ነው።

«ሴቱንያ ምነው ጠፋች?» አለች።

«ስልኳ ተበላሽቶባት ነው» አላት።

«ያቺ ወሬኛ? የሰው ስልክ ነጥቃም ቢሆን ትደውላለች» ብላ ሳቀች፤ ሳሉ አቋረጣት።

«በይ ኬኔይልዌ፣ ገንፎሽ እንዳይቀዘቅዝ» አላት ወንድሜ።

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሲጠፋ አየሁት። ከወለደች ጀምሮ በልጅነት ስሟ የጠራት የለም። ለባሏም ለሰፈሩም ማ ሴቱንያ ናት፣ የሴቱንያ እናት። የሞተችውን ልጁን ስም መጥራት አቅቶት ነው ምስኪኑ። እሷን አየኋት፤ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ የኔን ሻሽ እያየች ነበር። «እሺ» ብላ ገንፎዋን በላች።

ስንመለስ «አየሽ፣ አልጠረጠረችም» አለኝ። እኔ ግን ሻሼን እንዴት እንዳየችው አይቻለሁ።

በነጋታው ነርሷ ጠራችን። ማ ሴቱንያ ፍራሹን ከአልጋው ጎትታ መሬት ላይ አንጥፋ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ቀበራችኋት?» አለች።

«ቅዳሜ» አልኳት እኔ።

«ፍራሼ ላይ ማን ተቀመጠ?»

«ማንም።»

«ላንቺው ብዬ ነው» አለ ወንድሜ እያለቀሰ። «እንዳትሞችብኝ ብዬ።»

«ሴቶቹን አምጣልኝ» አለችው። «በመስኮቱም በኩል ቢሆን ይቀመጡልኝ።»

ቤት ለቤት እየዞረ ለመነ። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ማ ባቱሲ ናት የተናገረችው፦ «መቃብሩ ተዘግቶ፣ ፍራሹ ተነስቶ፣ ራሳችንን ተላጭተን? ለቅሶ ሁለቴ ይቀመጡታል እንዴ? ሌላ ሞት መጥራት ነው።» ክፋት አልነበረባትም፤ ፈርታ ነው። እኔ ብቻ ሄጄ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ደግሞ ለቅሶ አይሞላም። መድኃኒቷን በየሰዓቱ ትውጣለች፣ የሰጧትን ትበላለች፣ ሰውነቷ ግን በየቀኑ ያልቃል። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ከቀብር በኋላ ኦዲሪሌ ዶክተሯ ዘንድ ሄደ። ብቻውን አላስኬደውም ብዬ ተከተልኩት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት?» አላት።

«በሽታው ብርቱ ነበር» አለችው። «ሐዘኑ ይሁን፣ መደበቁ ይሁን፣ ማወቅ አይቻልም። ያ ሁሉ ባይሆንም ልትሞት ትችል ነበር።»

«ብቻዋን አትተዉአት ብለሽኝ ነበር» አላት።

ዶክተሯ እጁን ያዘችው።

ዛሬም መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘው «ደህና ዋሉ፣ ራ ሴቱንያ» ይለዋል። ሰው የሚጠራው በሌላ ስም አይደለም። ቆም ብሎ ባርኔጣውን ያነሳና አቤት ይላል።